ልጄ ከሰመር ካምፕ ተመልሳ ታለቅሳለች፤ እዚያ ምን አግኝታ ነው?

የልጆች እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ግራ የገባኝ ነገር ስላለ ነው። የ13 ዓመት ልጄን ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አዳር ያለው ሰመር ካምፕ (ልጆች በእረፍት ወራቸው ከቤት ርቀው አብረው የሚሰነብቱበት) ላክናት። መጀመሪያ አካባቢ «ኑና ውሰዱኝ» የሚል ደብዳቤ ጻፈችልን። ስልክ አይፈቀድም። አባቷ መኪና አስነስቶ ሊሄድ ነበር፣ እኔ ነኝ ያስቆምኩት። ከዚያ ደብዳቤ መጻፏን አቆመች።

ልንወስዳት ስንሄድ ድምጿ ተዘግቶ፣ ፀጉሯ ሳይበጠር፣ እጇ ላይ የክር አምባር ደርድራ፣ ከማናውቃቸው ልጆች ጋር ተቃቅፋ ስታለቅስ አገኘናት። መኪና ውስጥም አላቆመችም። ቤት ስንገባ ክፍሏን ዘግታ ተኛች። ታናሽ ወንድሟ «ምን ሆነሽ ነው?» ቢላት «አንተ አይገባህም» አለችው። እኔን ደግሞ «እኔ እኔን የሆንኩት እዚያ ነው» አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከፋኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ያሳደግኳት እኔ፣ እሷን የሆነችው ግን ትናንት ከተዋወቀቻቸው ልጆች ጋር!

ምን ቢያደርጓት ነው? ዋና ተማረች፣ ቀስት ወረወረች፣ ይኸው ነው። ልጅ የላካችሁ ወይም ራሳችሁ የሄዳችሁ እስቲ አስረዱኝ።

ተረጋጊ

እህቴ አታስቢ። የኔም ልጅ እንዲህ ሆኖ ነበር። ትምህርት ሲከፈት ይረሳዋል። ዕድሜው ነው።

የድሮው የካምፕ መሪ

«ይረሳዋል» የሚለው ላይ አልስማማም። ለብዙ ዓመት የካምፕ መሪ ነበርኩ። ዛሬ አግብተው የወለዱ ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ የሚያነሱልኝ ያኔ የተኙበትን አልጋ ነው። ላይኛው ይሁን ታችኛው ሳይቀር ያስታውሱታል።

እህቴ፣ ዋናውንና ቀስቱን ተይው። እኛ ትልልቆቹ ለወላጅ የምናሳየው ፕሮግራም አለን። ከጠዋት እስከ ማታ በሰዓት የተሸነሸነ ነው። ልጆቹ የሚኖሩት ግን በፕሮግራሞቹ መሀል ነው። ከምሳ በኋላ ባለው እረፍት። ሻወር ለመግባት ወረፋ ሲጠብቁ። መብራት ከጠፋ በኋላ ሲንሾካሾኩ።

አንድ ጊዜ ቀኑን ሙሉ ዘነበብን። ጀልባው ቀረ፣ የእግር ጉዞው ቀረ፣ ሁሉም ነገር ተሰረዘ። እኔ ልጆቹን ምን ላድርጋቸው ብዬ ጭንቅ ጥብብ ብሎኛል። እነሱ ግን አንዲት የጠፋች ካልሲ ሰበብ አድርገው ችሎት አቋቋሙ። ዳኛ ተሾመ፣ ጠበቃ ቆመ፣ የሐሰት ምስክር ተገኘ። ተከሳሹ እናቱ «ከሰው ጋር አይናገርም፣ አደራ» ብላ የሰጠችን ልጅ ነበር። ተነሥቶ ራሱን ሲከላከል በሳቅ ሆዳችንን ያዝን። ካልሲዋ በገዛ ፈቃዷ ነው የጠፋችው ብሎ ተከራከረ እኮ! በመጨረሻው ቀን «የማትረሱት ነገር ምንድን ነው?» ብለን ወረቀት ስናድል አብዛኛው የጻፈው ስለ ካልሲዋ ነው። ለጀልባ ኪራይ የወጣውን ገንዘብ ሳስበው ዛሬም ይቆጨኛል።

ያ ልጅ ለምን አፉ ተፈታ? ዝምተኛ መሆኑን የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። ትምህርት ቤት ልጅ ገና ከታች ክፍል አንድ ነገር ይለጠፍበታል። «አልቃሻው»፣ «ጎበዟ»፣ «የእከሌ እህት»። ከዚያ በኋላ ቢለወጥም የሚያይለት የለም። ቤትም ያው ነው። አትቀየሚኝና እኛ ወላጆች እንዲያውም እንብሳለን። ካምፕ ሲገባ ያ ሁሉ አብሮት አይገባም። ልጅሽ «እኔን የሆንኩት እዚያ ነው» ስትልሽ ቤት ያለችው ልጅ የውሸት ናት ማለቷ አይመስለኝም። ምን ዓይነት ልጅ እንደሆነች ቀድሞ የሚነግራት ሰው ያልነበረበት ቦታ አገኘች ማለቷ ነው።

ሌላው ሥራ ነው። ይኼን ብዙ ወላጅ አያስበውም። በ1881 ኧርነስት ባልች የሚባል ወጣት በአሜሪካ ኒው ሃምፕሸር ግዛት፣ ስኳም ሐይቅ ላይ ካለች ደሴት ካምፕ ቾኮሩዋን ከፈተ። የሀብታም ልጆች የእረፍት ወራቸውን ሆቴል ውስጥ ተጎልተው ሲያሳልፉ ማየት አላስደሰተውም። ስለዚህ አገልጋይ የሌለበት ካምፕ አደረገው። የሚያበስሉትም ዕቃ የሚያጥቡትም ልጆቹ ራሳቸው ነበሩ። በ1907 ደግሞ ባደን ፓወል የሚባል የእንግሊዝ ጦር መኮንን እንግሊዝ አገር ብራውንሲ ደሴት ላይ ወደ ሃያ የሚሆኑ ልጆች ይዞ ሰፈረ። የውድ ትምህርት ቤት ተማሪዎችንና የሠራተኛ ቤተሰብ ልጆችን አንድ ላይ ወሰደ። በትንንሽ ቡድን ከፋፈላቸውና ከልጆቹ መሀል ለየቡድኑ አለቃ ሾመ። የስካውት እንቅስቃሴ መነሻ ያ ሰፈር ነው።

ዛሬም ነገሩ ያው ነው። ልጅሽ ቤት ውስጥ ሳህን ባታጥብ አንቺ ታጥቢዋለሽ። እዚያ ተራዋ ደርሶ ባታጥብ ጠረጴዛው ሙሉ ልጅ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ያን ጊዜ ትነጫነጫለች። ግን ሳትኖር የሚጎድል ነገር እንዳለ ታያለች። የ13 ዓመት ልጅ ቤት ውስጥ ከልብ የምትፈለግበት ጉዳይ ስንት ነው? «ክፍልሽን አጽጂ» መባል ሌላ ነገር ነው።

የስልኩን ነገር ደግሞ ልጆች ሲሄዱ ያማርራሉ፣ ሲመለሱ ግን አያነሱትም። በ2014 የዩሲኤልኤ (ሎስ አንጀለስ ያለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ) ተመራማሪዎች የስድስተኛ ክፍል ልጆችን አምስት ቀን ያለ ምንም ስክሪን ካምፕ ካሳለፉ በኋላ ፈተኗቸው። ከፊትና ከሁኔታ የሰውን ስሜት በማንበብ፣ ቤት ቀርተው እንደ ወትሯቸው ከነበሩት እኩዮቻቸው የበለጠ ተሻሽለው ተገኙ። አምስት ቀን ብቻ! እኔ አልገረመኝም። እዚያ የተኳረፈ ልጅ የሚደበቅበት ነገር የለውም። የተኳረፈው ልጅ አልጋ ከሱ አልጋ በላይ ነው።

ባለ አራት ጎማ

እኔ 19 ዓመቴ ነው። የምንቀሳቀሰው በዊልቸር ነው። አካል ጉዳት ላለብን ወጣቶች የሚዘጋጅ ካምፕ ሄጄ አውቃለሁ። ስለ ልጅዎ ለቅሶ የራሴን ልንገርዎት።

እዚያ እንደደረስን ካርታ ስንጫወት አጭበረበርኩ። አንዱ ያዘኝና ጮኸብኝ፣ ካርታዬንም በታተነው። ደነገጥኩ። ትንሽ ቆይቶ ግን ደስ አለኝ። ሰው በእኔ ተናዶብኝ አያውቅም ነበር! ትምህርት ቤት ሁሉም ያዝንልኛል፣ ባጭበረብርም ያልፉኛል። የጮኸብኝ ልጅ ግን እሱም ዊልቸር ላይ ነው። ምን ብዬ ላሳዝነው? እስከ ዛሬ ከእሱ የሚቀርበኝ ጓደኛ የለኝም። እዛ ከሄድኩ በኋላ ከክፍል ጓደኞቼ ጋርም መጣላት ጀመርኩ፣ በጥሩ ጎኑ ማለቴ ነው።

ኒው ዮርክ ካትስኪል ተራሮች ውስጥ ካምፕ ጄኔድ የሚባል የአካል ጉዳተኛ ወጣቶች ካምፕ ነበር። በ1951 ተከፍቶ በ1977 ተዘጋ። የአካል ጉዳተኞች መብት ታጋይዋ ጁዲ ሂዩማን በልጅነቷ እዚያ ትሄድ ነበር፣ በኋላም ሠርታበታለች። የአሜሪካ መንግሥት የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚመለከተውን ደንብ ሳይፈርም ሲያጓትት፣ በ1977 ሳን ፍራንሲስኮ የሚገኝ የመንግሥት ሕንፃ ውስጥ ገብተው ከሦስት ሳምንት በላይ አንወጣም ካሉት ሰዎች መሪዎች አንዷ እሷ ናት። ደንቡም ተፈረመ። ከእሷ ጋር የጄኔድ ልጆችም ነበሩበት። በካርታ መጣላት ያልለመደ ሰው ከመንግሥት ጋር እንዴት ይጣላል? ይኼ የኔ ግምት ነው እንጂ ከመጽሐፍ ያገኘሁት አይደለም።

ልጅዎ ምን አግኝታ እንደሆነ አላውቅም። «አይገባህም» ማለቷ ግን ንቀት አይመስለኝም። የሚነገር ታሪክ ስለሌለው ነው። «ካርታዬን በተኑት» ብዬ ለእናቴ ብነግራት ትደነግጥልኝ ነበር።

አልወደድኩትም

ሁሉም ሰው ደስ ብሎት አይመለስም፣ እሱም ይጻፍ። እኔ ካምፕ ስሄድ የምንተኛበት ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ ነግሦ ነበር። በእንቅልፌ ስለማወራ ሌሊት ያልኩትን ጠዋት ቁርስ ላይ እየደገመ ያስቅብኝ ነበር። መሪው ብቅ ሲል ሁሉም መልአክ ይሆናል። እዚያ አዲስ ሰው መሆን ይቻላል ትላላችሁ፣ እሺ። የወጣልህ አዲሱ ስም ከድሮው የባሰ ቢሆንስ? ከትምህርት ቤት ማታ ቤትህ ትገባለህ። ከካምፕ ግን የትም አትገባም።

የድሮው የካምፕ መሪ

ልክ ነህ ወንድሜ፣ አልከራከርህም። ካምፕ በራሱ ደግ ቦታ አይደለም። ትልልቆቹ እንዳደረጉት ነው የሚሆነው።

ለዚህ ሮበርስ ኬቭ በሚባል ቦታ የተደረገ ጥናት አለ። በ1954 ሙዛፈር ሸሪፍ የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኦክላሆማ ውስጥ 22 ወንድ ልጆችን ሰብስቦ ካምፕ አደረገ። ዕድሜያቸው 11 ወይም 12 ነው፣ ከዚያ በፊት አይተዋወቁም። መሪ መስለው የቆሙት ተመራማሪዎች ናቸው። ልጆቹን ለሁለት ከፈሏቸው፣ በመጀመሪያው ሳምንት አንዱ ቡድን ስለ ሌላው አያውቅም ነበር። ከዚያ በውድድር አገናኟቸው። ሽልማቱን አንዱ ቡድን ብቻ ነው የሚወስደው። ወዲያው ስድብ፣ አንዱ የሌላውን ባንዲራ ማቃጠል፣ ሌሊት ክፍል ሰብሮ መግባት መጣ። በኋላ ሁለቱን አብሮ የሚያሠራ ችግር ፈጠሩላቸው። ውሃ ተቋረጠ፣ መኪና አልነሣ አለ፣ ገመድ ይዘው አብረው ጎተቱት። ጠላትነቱ ረገበ። ጥናቱ ዛሬ በሥነ ምግባሩ ብዙ ይተቻል፣ ልጆቹም የጥናት መሣሪያ መሆናቸውን አያውቁም ነበር። እኔ ግን ሁልጊዜ የማስበው አንድ ነገር ነው። ሲጣሉም ሲታረቁም እነዚያው ልጆች ናቸው። የተለወጠው ትልልቆቹ ያዘጋጁላቸው ነገር ነው።

ስለዚህ ልጅ የምትልኩ ሰዎች ስለ መዋኛ ገንዳው ስፋት አትጠይቁ። ማታ ከልጆቹ አጠገብ የሚያድረው ማነው? ስንት ልጅ ይጠብቃል? መሪው ካለፈው ዓመት የመጣ ነው ወይስ በየዓመቱ አዲስ ነው? ልጅ ክፍል መቀየር ቢፈልግ ለማን ይናገራል? መልሱ ላይ ከተንተባተቡ ተዉት።

እህቴ፣ ያን ደብዳቤ አይተሽ መኪናውን ማስቆምሽ ግን ትልቅ ነገር ነው። የቤት ናፍቆትን ለብዙ ዓመት ያጠናው ክሪስቶፈር ተርበር ወላጆችን የሚመክረው፣ ከመሄዳቸው በፊት «ካልወደድከው መጥቼ እወስድሃለሁ» ብላችሁ ቃል አትግቡ ብሎ ነው። ልጁ ያን ከሰማ ገና ሳይሄድ እንደማይችለው የተነገረው ይመስለዋል። መናፈቅ ደግሞ የተለመደ ነገር ነው፣ አብዛኛው ልጅ ቢያንስ አንድ ቀን ይነካዋል። በደል ሲኖር ጉዳዩ ሌላ ነው፣ ያኔ መኪናው ይነሣ።

የልጆች እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ባለ አራት ጎማ»፣ የጻፍከውን ለባሌ ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ትናንት ምንም ሳልጠይቃት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ድንገት ስለ አንዲት እንቁራሪት ማውራት ጀመረች። ማን ጫማ ውስጥ እንደገባች፣ ማን እንደጮኸ፣ ለእንቁራሪቷ ምን ስም እንዳወጡላት። እየተንፈራፈረች ትስቃለች። እኔ ግማሹም አልገባኝም፣ ብቻ አብሬ ሳቅሁ። አሁን ያለው ችግር ሌላ ነው። ከልጆቹ ጋር የስልክ ግሩፕ ከፍተዋል፣ እስከ እኩለ ሌሊት አይተኙም። ልከልክላት? ለሚመጣውስ ዓመት ልመዝግባት ወይ?

የድሮው የካምፕ መሪ

የመኝታ ሰዓቷን አስከብሪ እንጂ ግሩፑን አትዝጊባት። እሱ በራሱ ጊዜ ይቀዘቅዛል። አንድ ሁለት ልጆች ብቻ ይቀሯታል፣ እነሱ ናቸው የሚዘልቁት። ከቻልሽ በዓመቱ መሀል አንድ ጊዜ በአካል አገናኛቸው። ቤት ውስጥም የሷ ብቻ የሆነ፣ እሷ ካልሠራችው የማይሠራ አንድ ነገር ስጫት። ስትሳሳት አትግቢባት።

መዝግቢያት፣ ግን መጀመሪያ እነዚያ ልጆች የትኛውን ዙር እንደሚመጡ ትጠይቅ። ካምፑ ያው ሆኖ ዙሩ ከተለያየ ለሷ ሌላ ቦታ ነው። ደግሞ አትዘግዪ፣ ተመላሾች ቀድመው ይሞሉታል።