ክሮንስ ወይም አልሰራቲቭ ኮላይትስ (አንጀት እየተቆጣ የሚመላለስባቸው ሥር የሰደዱ ሕመሞች) ላለባት ሴት፣ ለቆዳው ምን ይሻላል?

እህቴ፣ እግርሽ ላይ ስለወጣው ስታወሪ የራሴ ትዝ አለኝ። ቅባት ከመግዛትሽ በፊት ምንነቱ ይታወቅ።

ቅልጥም ላይ ቀይ፣ ሲነኩት የሚያም፣ ግን የማይፈነዳ እብጠት ከሆነ ኤሪቴማ ኖዶሰም ሊሆን ይችላል። ሴቶች ላይ ይበዛል። ብዙ ጊዜ አንጀት ሲቆጣ ይመጣል፣ አንጀት ሲረጋ ይጠፋል፤ ስለዚህ ገንዘብሽን ቅባት ላይ አትጨርሺ። እግርን ሰቀል አድርጎ ማረፍ ይሻላል። ለሕመሙ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ አንጀትን ሊቀሰቅሱ ስለሚችሉ እኔ ምርጫዬ ፓራሲታሞል ነው።

ፓዮደርማ ጋንግሪኖሰም የሚባለው ቁስል ግን ሌላ ጉድ ነው! የእኔ ስትጀምር ብጉር ነው የምታክለው። አንድ ክሊኒክ «እባጭ ነው» ብለው ቀደዱት፤ ከዚያማ ጠርዙ ወይን ጠጅ መስሎ፣ ከሥር እየተቦረቦረ፣ በሳምንት ውስጥ መዳፌን አከለ። ለካ ይሄ ቁስል ሲነካኩት ይብስበታል፣ መቁረጥም መፋቅም አይወድም። የዋጥኩት አንቲባዮቲክም ጠብ አላለልኝም፣ ኢንፌክሽን አልነበረማ።

ትንሽ ከሆነ ክሎቤታሶል ወይም ታክሮሊመስ ቅባት ይታዘዛል። ክሎቤታሶል ሲቆይ ቆዳ ያሳሳል፣ ታክሮሊመስ ያንን አያደርግም ግን መጀመሪያ ላይ ያቃጥላል። ከሰፋ ፕሬድኒሶሎን (የሚዋጥ ስቴሮይድ)፣ ካልሆነም ኢንፍሊክሲማብ (የሰውነትን መከላከያ የሚያበርድ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት)። ለእኔ የሠራው የመጨረሻው ነው፣ አንጀቴንም አብሮ ስላረጋልኝ። አንዳንዷ ላይ ግን ራሱ ኢንፍሊክሲማብ ሶሪያሲስ የመሰለ ቀይ፣ ቅርፊት ያለው ሽፍታ ያወጣል፤ እንዲህ ከሆነ ለሐኪምሽ ንገሪ እንጂ በራስሽ አታቋርጪ። ሜቶትሬክሴት (ይሄም መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት ነው) ከታዘዘልሽ ደግሞ መውለድ እንደምታስቢ አስቀድመሽ ተናገሪ፣ ለጽንስ አደገኛ ነው።

ፋሻ? የማይጣበቀውን። ሲላጥ ቆዳ ይዞ የሚነሳውን ፕላስተር አጠገብሽ አታድርሺው።

ሐኪም ከሆነ የቆዳና የአንጀት ሐኪሞችሽ ቢነጋገሩ ነው የሚሻለው። የእኔዎቹ እስኪነጋገሩ ድረስ አንዱ የሰጠኝን ሌላው አያውቅም ነበር።

ሌላም አለ፣ ማንም አያወራውም እንጂ። ብልት አካባቢ እብጠት ወይም ስንጥቅ ኖሮ በፈንገስ መድኃኒት አልድን ካለ «ክሮንሱ ይሆን?» ብለሽ ጠይቂ። እኔ አፍሬ ወራት ፈጅቻለሁ።

ደግሞ ቁስሉን በየሳምንቱ ፎቶ አንሺው፣ አጠገቡ ሳንቲም አድርገሽ። «ቀነሰ ወይስ ሰፋ?» ሲሉሽ ስልክሽን ታሳያቸዋለሽ።