በአሮጌ የብር ዕቃ ላይ የተመቱ ማህተሞች ምን ይነግሩናል?

ጅሬን (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። አያቴ ትተውልን ካለፉት ዕቃዎች መካከል አንድ የሻይ ማንቆርቆሪያ፣ ጥቂት የሻይ ማንኪያዎችና አንድ ወፍራም አምባር ይገኙበታል። እዚሁ ጅማ ገበያ ያለ አንድ ገዢ ሦስቱንም አንድ ላይ መዝኖ በግራም ሒሳብ ሊወስዳቸው ጠይቆናል፤ ይሁን እንጂ የያዝኩትን ሳላውቅ ለመስጠት ልቤ አልፈቀደም። በማንቆርቆሪያው ሥር ኢ፣ ፒ፣ ኤን እና ኤስ የተባሉት የላቲን ፊደላት እያንዳንዳቸው ጋሻ በመሰለ ትንሽ ክፈፍ ውስጥ ተመትተዋል። በማንኪያዎቹ እጀታ ጀርባ 800 የሚል ቁጥር አለ፤ ከጎኑም በጣም ደቃቅ የሆነ ሌላ ማህተም ይታያል። አምባሩ ግን ምንም ምልክት የለውም። የትኛው እውነተኛ ብር ነው?

አጉሊ መነጽር፦
የማንቆርቆሪያው ነገር ቀላል ነው፤ ብር ቅብ ነው። አራቱ ፊደላት በእንግሊዝኛ «በኤሌክትሪክ የተቀባ ኒኬል ሲልቨር» ለሚለው መጠሪያ ምህጻር ሲሆኑ፣ ኒኬል ሲልቨር የሚባለው ማዕድን ራሱ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅይጥ በመሆኑ ስሙ ብር ይበል እንጂ በውስጡ ብር የለበትም። ይህ የአቀባብ ዘዴ የተስፋፋው የበርሚንግሃሙ ኤልኪንግተን እ.ኤ.አ. በ1840 የፈጠራ መብት ካስመዘገበ በኋላ ነው። ፊደላቱ በየጋሻው መቀመጣቸው ብዙ ሰው ያሳስታል፤ አምራቾቹም ቢሆኑ ከሩቅ ሲታይ የመንግሥት ማህተም እንዲመስል መፈለጋቸው አይቀርም።

እውነተኛው የእንግሊዝ ብር የሚታወቀው ቀኝ እግሩን አንሥቶ በሚራመድ አንበሳ ነው፤ ትርጉሙም ከ1000 እጅ 925ቱ ንጹሕ ብር ነው ማለት ነው። ከአንበሳው ጋር የከተማው ምልክት፣ የዓመቱ ፊደልና የሠሪው ስም መነሻ ፊደላት ይደረደራሉ፤ የነብር ራስ ለንደንን፣ መልሕቅ በርሚንግሃምን፣ ዘውድ ደግሞ እስከ 1974 ድረስ ሼፊልድን ያመለክታል። የንጉሥ ወይም የንግሥት ራስ ከተጨመረበት ከ1784 እስከ 1890 ባለው ጊዜ ቀረጥ የተከፈለበት ዕቃ ነው። በእርስዎ ማንቆርቆሪያ ላይ አንበሳው ከሌለ ሌላው ጌጥ ሁሉ ዋጋ የለውም። ለማረጋገጥ የክዳኑን ጠርዝና እጀታው ከሆዱ ጋር የተገናኘበትን ቦታ ይመልከቱ፤ ቅቡ የሚሳሳው እዚያ ስለሆነ ከሥሩ ቢጫ ያዘለ ግራጫ ቀለም ብቅ ይላል። እነዚህ አራት ፊደላት በሌሉበት ሌላ ዕቃ ላይ ቀይ መዳብ ቢታይዎት ግን ከኤሌክትሪኩ ዘመን በፊት ብርና መዳብ በሙቀት ተጣብቀው የተሠራበት የሼፊልድ ሥራ ሊሆን ስለሚችል፣ እሱ ሌላ ዋጋ አለው።

800 ማለት ሰማንያ በመቶ ብር ነው፤ በጀርመንና በጣሊያን የተለመደ ልክ ነው። አምባሩን በተመለከተ፣ እኔ በበኩሌ ማህተም የሌለውን ብር ብዬ አልገዛም።

የአንጥረኛ ልጅ፦
በመጨረሻው አልስማማም። የእኛ አገር አንጥረኞች ማህተም የመምታት ልማድ አልነበራቸውም፤ ለአምባርና ለመስቀል የሚያቀልጡት በአብዛኛው ጠገራ ብር፣ ማለትም 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትን የማርያ ቴሬዛ ገንዘብ ነበር። አንዱ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ንጽሕናውም ከ1000 እጅ 833 ነው። ስለዚህ በማህተም አለመኖር ብቻ የአገር ቤትን ሥራ መጣል ተገቢ አይደለም።

አሲድ ወይም ሞረድ አያስነኩት። አምባሩ ድፍን ከሆነ በጥሩ የግራም ሚዛን ይመዝኑት፤ ቀጥሎ ውኃ ያለበትን ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጠው ሚዛኑን ዜሮ ያድርጉና አምባሩን በቀጭን ክር አንጠልጥለው የብርጭቆውን ሥርና ጎን ሳይነካ ሙሉ በሙሉ ያስጥሙት። የመጀመሪያውን ክብደት ሚዛኑ አሁን ባሳየው ቁጥር ሲያካፍሉ ውጤቱ 10.2 አካባቢ ከሆነ ከጠገራው ጋር ይስማማል፤ ኒኬል ሲልቨር ግን 8.7 አካባቢ ነው። ውስጡ ክፍት የሆነ አምባር አየር ስለሚይዝ በዚህ መንገድ አይለካም።

በማንኪያዎቹ ላይ ያለውን ደቃቅ ማህተም ደግሞ በአጉሊ መነጽር ይዩት። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው የጣሊያን ሕግ የሠሪውን ቁጥርና የአውራጃውን ሁለት ፊደላት፣ ለምሳሌ ለሚላኖ ኤም እና አይ፣ በአንድ ክፈፍ እንዲመቱ ያዝዝ ነበር፤ እስከ 1944 ድረስም የፋሽስቱ የታሰረ በትርና መጥረቢያ አብሮ ይገባ ነበር። በወረራው ዘመን ጅማ የጣሊያኖች የደቡብ ምዕራብ አስተዳደር ዋና ከተማ ስለነበረች እንዲህ ያለ ዕቃ እዚህ መገኘቱ አይደንቅም።

ጅሬን (ጠያቂ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። አምባሩ ድፍን ነው፤ 64 ግራም መዘነ፣ ውኃው ውስጥ ሲጠልቅ ሚዛኑ 6.3 አሳየ። በማንኪያዎቹ ላይ ቁጥርና ሁለት ፊደላት ይነበባሉ፤ በትርና መጥረቢያውም ከጎናቸው አለ።

የአንጥረኛ ልጅ፦
ሲካፈል 10.16 ይመጣል፤ ኒኬል አይደለም። 800ን ከ833 ለመለየት የቤት ሚዛን አይበቃም፤ ለሽያጭ ግን ያን ያህል ልዩነት አያመጣም። ማንኪያዎቹን ለብቻ፣ አምባሩን ለብቻ ያስገምቱ፤ ማንቆርቆሪያውን ከእነሱ ጋር በአንድ ሚዛን አያስቀምጡ።