የሐረር ስፌትን ወደ ጀርመን መላክና አሰፋፉን ማስተማር

ከሐምቡርግ የቀረበ ጥያቄ

የተከበራችሁ ወገኖች፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ለትምህርት በመጣሁበት በሐምቡርግ ሆኜ፣ ሐረር ጁገል ውስጥ የሚኖሩት አክስቴና ጎረቤቶቻቸው የሚሰፉትን ሰፌድ፣ ሙዳይና መሶብ እያስመጣሁ በኢንተርኔት ለመሸጥ አስቤአለሁ። ከዚሁ ጋር ሣሩን፣ ወስፌውንና የአሰፋፍ መመሪያውን በአንድ ላይ አሽጌ መማር ለሚፈልጉ ሰዎች ማቅረብ እፈልጋለሁ። የሥራውን መንገድ የምታውቁ ከየት እንደምጀምር ብትመክሩኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከድሬዳዋ የተሰጠ ምላሽ

እህቴ፣ ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ነገር ግን ከመሶቡ እንዳይጀምሩ እመክርዎታለሁ። በአየር የሚልኩ ድርጅቶች የሚያስከፍሉት ሚዛን ላይ በሚታየው ኪሎ ብቻ አይደለም። የካርቶኑን ርዝመት፣ ወርድና ቁመት በሴንቲ ሜትር አባዝተው፣ ፈጣን መልእክት አድራሾቹ አብዛኛውን ጊዜ ለ5,000፣ የአየር ጭነት ክፍሎች ደግሞ ለ6,000 ያካፍሉና፣ ውጤቱ ከእውነተኛው ክብደት ከበለጠ ሒሳቡን በእርሱ ይሠራሉ። ስለዚህ ርዝመቱና ወርዱ 50፣ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር በሆነ ካርቶን የታሸገ መሶብ፣ ሚዛን ላይ ሦስት አራት ኪሎ ቢመዝን እንኳ፣ በመጀመሪያው ስሌት 30፣ በሁለተኛው 25 ኪሎ ተብሎ ይከፈልበታል። የመሶቡ ባዶ ሆድ የሰፊዋን ድካም ዋጋ ይበላዋል። በአንጻሩ በሐረሪ ቤት ግድግዳ ላይ ተደርድረው የሚሰቀሉት ዝርግ ሰፌዶች አንዱ በሌላው ላይ ይነባበራሉ፤ ርዝመቱና ወርዱ 32፣ ቁመቱ 20 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካርቶን በመጀመሪያው ስሌት ከአራት ኪሎ ብዙም አያልፍም፤ ውስጡ ግን በርካታ ሰፌድ ይይዛል። ሙዳይም ቢሆን ትንሹ በትልቁ ውስጥ እንዲገባ ሆኖ በየመጠኑ ከታዘዘ ያዋጣል።

አስተሻሸጉን በሚመለከት፣ ሣሩ እንዲለዝብ በውኃ እየራሰ የሚሰፋ በመሆኑ ሥራው ባለቀ ማግሥት መታሸግ የለበትም። ከላይ ደርቆ የሚታይ ሰፌድ እምብርቱ ላይ፣ ማለትም ጥምጥሙ የሚጀመርበትና እጅግ የሚጠብቅበት ቦታ ላይ፣ እርጥበት ይዞ ይቆያል። መሐሉን በአውራ ጣት ጫን አድርጎ መፈተሽ፣ አፍንጫ አስጠግቶም ማሽተት ነው፤ የረጠበ ገለባ ሽታ ካለው ገና ነው። እንዲህ ያለው ዕቃ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከተላከ ሻግቶ ይደርሳል፤ ቀዩ ቀለምም በነጩ ሣር ላይ ሊፈስ ይችላል። ከሐረር በደንገጎ ቁልቁለት ወርዶ እኛ ዘንድ የሚደርስ ዕቃ በድሬዳዋ ደረቅ ሙቀት ጥላ ሥር ጥቂት ቀናት ቢቆይ ይጠቅመዋል፤ ፀሐይ ላይ ግን አይሰጣ፤ ቀለሙ ይለቃል። መጠቅለያው ወረቀት ይሁን።

ወደ ሕጉ ስንመጣ፣ በመጀመሪያ የራስዎን መኖሪያ ፈቃድ ይመልከቱ። በጀርመን ለትምህርት የሚሰጥ ፈቃድ የራስን ንግድ ማካሄድን በቀጥታ አይጨምርም፤ አውስሌንደርቤሆርደ የሚባለውን የውጭ አገር ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት አስቀድሞ ማስፈቀድ ያስፈልጋል፤ የንግድ ምዝገባው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቂት ገንዘብ ለማግኘት ሲባል የመኖሪያ ፈቃድን አደጋ ላይ መጣል አይገባም፤ ይህን ጉዳይ ብዙ ሰዎች በቸልታ ሲያልፉት ስለማይ ነው አጥብቄ የምናገረው። ለደንበኛ በፖስታ የሚልክ ነጋዴ ሉሲድ በተባለው የማሸጊያ መዝገብ መመዝገብም ግዴታው ነው። በተጨማሪም እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 13 ቀን 2024 ጀምሮ ሥራ ላይ በዋለው የአውሮፓ ኅብረት የምርት ደኅንነት ደንብ መሠረት ለዕቃው ተጠያቂ የሚሆን፣ በኅብረቱ ውስጥ አድራሻ ያለው ሰው መኖር አለበት፤ አስመጪዋ እርስዎ ከሆኑ ተጠያቂዋም እርስዎ ነዎት። ዕቃውን የእንጀራ ወይም የዳቦ ማቅረቢያ ብለው ከሸጡት ደግሞ ከምግብ ጋር የሚነካኩ ዕቃዎች ደንብ ስለሚከተል የቀለሙ ጉዳይ ይነሣል። የግድግዳ ጌጥ ብሎ መሸጥ ይሻላል፤ የሐረር ሴቶችም አብዛኛውን የሚሰቅሉት ለዚሁ ነው።

የጉምሩኩ ነገር ከሚፈራው ይቀላል። ኢትዮጵያ በአውሮፓ ኅብረት ዘንድ ከጦር መሣሪያ በስተቀር ማንኛውንም ምርት ከቀረጥ ነፃ ማስገባት ከተፈቀደላቸው አገሮች አንዷ ናት፤ የጭነቱ ዋጋ ከ6,000 ዩሮ የማይበልጥ ከሆነ ላኪው በደረሰኙ ላይ የሚያሰፍረው የምርት መነሻ መግለጫ በቂ ነው። የተጨማሪ እሴት ታክሱ ግን አይቀርም፤ የጀርመኑ 19 በመቶ ነው። «ስጦታ» ብሎ መጻፍ እንደ ዘዴ ሲመከር እሰማለሁ፤ እስከ 45 ዩሮ ለሚያወጣ ስጦታ የሚሰጠው ከታክስ ነፃ የመሆን መብት የሚሠራው ግለሰብ ለግለሰብ ያለ ክፍያ ለሚልከው ብቻ ስለሆነ፣ ለሽያጭ የሚሆን ዕቃ በዚያ ስም መላክ ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ነው። ከዚህ በኩልም ለንግድ የሚወጣ ዕቃ የወጪ ንግድ ፈቃድና የባንክ ሰነድ ስለሚጠየቅበት፣ አክስትዎ በስማቸው ከሚልኩ ይልቅ ፈቃድ ባለው ላኪ በኩል ቢያልፍ ይሻላል።

ስለ ማስተማሪያው ያሰቡት ከሽያጩ ይልቅ ተስፋ ያለው ይመስለኛል፤ ሣሩን ግን ይተዉት። ያልተሠራ ደረቅ ሣር ዘርና ነፍሳት ሊይዝ ስለሚችል፣ ከተጠናቀቀ ስፌት ይልቅ የዕፅዋት ጤና ቁጥጥርን ጥያቄ ይጋብዛል። ለጀማሪ እዚያው በዕደ ጥበብ ሱቅ የሚገኘው ራፊያ የሚባለው የዘንባባ ቃጫ ይበቃዋል። ከዚህ መሄድ ያለበት የእጁ ሥራ ነው፦ ወስፌው ያለፈውን ዙር የት ላይ እንደሚበሳ፣ ማጠንጠኛው ሣር በየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ፣ ዙሩ እየሰፋ ሲሄድ የጥለቱ ቁጥር እንዴት እንደሚጨምር። ይህ በቪዲዮና ዙሮቹ በተሣሉበት ወረቀት ይገለጻል፤ በፋይል ሲሸጥም ካርቶንም ሆነ የጉምሩክ ፍተሻ የለበትም። ወስፌ ይዞ የሚጓዝ ሰው ካለ በእጅ ሻንጣ ሳይሆን አውሮፕላኑ ሆድ ውስጥ በሚገባው ሻንጣ ያድርገው።

አንድ ነገር ላክል። ሰፌድ አንድ ጊዜ ይሸጣል፤ ቪዲዮ ግን ደጋግሞ ይሸጣል። ስለዚህ በቪዲዮው እጃቸው ለሚታየውና ጥለቱን ለሚያስተምሩት እናት የአንድ ቀን አበል ሰጥቶ መሸኘት ተገቢ አይመስለኝም፤ ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ እንዲኖራቸው በጽሑፍ ይስማሙ፤ ክፍያውም በባንክ ይሁን።

ከሐምቡርግ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከዝርግ ሰፌዶቹና ከቪዲዮው እጀምራለሁ፤ መኖሪያ ፈቃዱንም አስቀድሜ እጠይቃለሁ። አክስቴ ከአያታቸው የወረሱትን አሮጌ ሙዳይ ለናሙና ልላክልሽ ብለውኛል፤ እርሱስ ችግር አለው?

ከድሬዳዋ

አዎን፣ አለው። አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል፤ አሮጌ ስፌት ደግሞ ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ማስነሣቱ አይቀርም። ጥለቱን የሚፈልጉ ከሆነ አክስትዎ ክዳኑን፣ ጎኑንና ቂጡን ለየብቻ፣ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጠው በቀን ብርሃን ፎቶ ያንሡልዎት፤ ሙዳዩ እዚያው ቤታቸው ይቀመጥ። አዲስ ለሚሠራው ሁሉ ግን የተገዛበትን ቀን የሚያሳይ ደረሰኝ ከካርቶኑ አይለይ።