ሃርድ ዲስኩ ለማንበብ ብቻ ይከፈታል፤ ምን ላድርግ?

ጠያቂ፣ ከደብረ ብርሃን፦
ጤና ይስጥልኝ። በአንኮበር አካባቢ ያነሳኋቸው የብራና መጻሕፍት ፎቶግራፎች የተቀመጡበትን፣ ቀድሞ በዊንዶውስ እጠቀምበት የነበረውን ሃርድ ዲስክ በኡቡንቱ (በአንድ የሊኑክስ ዓይነት) ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በሚጻፍበት መስኮት፣ ዲስክን ለአገልግሎት በሚከፍተው በማውንት ትእዛዝ ባገናኘውም፣ ፋይሎቹን ማየት እንጂ አዲስ መጨመር አልቻልሁም። ፎቶዎቹ ሌላ ቅጂ ስለሌላቸው በድፍረት ምንም መሞከር አልፈልግም።

መልስ 1፦
ከሁሉ አስቀድመው ፎቶዎቹን ወደ ሌላ ዲስክ ይገልብጡ፤ ለማንበብ መከፈቱ ለዚህ ይበቃል። ዲስኩ በአግባቡ ሳይለቀቅ ከተነቀለ፣ ወይም ዊንዶውስ በፈጣን ማስነሻ (ቶሎ እንዲነሳ ሁኔታውን በከፊል አስቀምጦ በሚዘጋበት አሠራር) ምክንያት ሙሉ በሙሉ ሳይዘጋ ከቀረ፣ ኤንቲኤፍኤስ የተባለው የዊንዶውስ ፋይል ሲስተም (የፋይሎች አደረጃጀት) ሥራው እንዳልተጠናቀቀ ምልክት ይዞ ስለሚቆይ፣ ሊኑክስ ውሂቡን እንዳያበላሽ ሲል መጻፍን ይከለክላል። ስለዚህ ዲስኩን ወደ ዊንዶውስ መልሰው ስሕተቱን ያስፈትሹ፤ ከዚያም ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ የሺፍትን ቁልፍ ተጭነው ኮምፒውተሩን ይዝጉ። በግድ እንዲከፈት የሚያደርገውን አማራጭ ግን እባክዎ አይጠቀሙ።

መልስ 2፦
ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈቱ ዲስኮች በሚዘረዘሩበት በኤፍኤስታብ ፋይል ውስጥ የሚያስመዘግቡት ከሆነ፣ ሊኑክስ ለዲስኩ የሚሰጠው ኤስዲቢ1 የመሰለው ስም ሊለዋወጥ ስለሚችል የራሱ መለያ በሆነው በዩዩአይዲ ቁጥሩ ይጻፉት፤ ዲስኩ ባይሰካም ኮምፒውተሩ እንዲነሳ ኖፌይል የሚለውን አማራጭ ይጨምሩ።

ጠያቂ፦
ገልብጫለሁ፤ ምርመራው ካለቀ በኋላ መጻፍም ተችሏል። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።