ተማሪዎቻችንን ወደ ኩረጃ የሚገፋፋቸው ምንድን ነው?

ጠያቂ (መምህር፣ ድሬዳዋ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። በዚህ ሴሚስተር ካረምኳቸው የቡድን ሥራዎች መካከል የሦስት ቡድኖች ወረቀት እስከ ፊደል ግድፈቱ ድረስ አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት፤ በአንደኛው ሽፋን ላይ እንዲያውም የአምና ተማሪዎች ስም ሳይሰረዝ ቀርቷል። ቅጣት እንዳለው ሁሉም ያውቃሉ። የሥነ ምግባር ጉድለት ነው ብዬ ብደመድም መፍትሔ ስለማይሆነኝ፣ ሥር ምክንያቱን የምታውቁ ብታካፍሉኝ።

መልስ 1 (መምህርት፣ ሐረር)፦
ማኬብና ትሬቪኖ የተባሉ አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1993 ባሳተሙት፣ በ31 የአሜሪካ ኮሌጆች የሚማሩ ከ6,000 በላይ ተማሪዎችን ባካተተ ጥናት፣ ከኩረጃ ጋር ከሁሉም በላይ ተያይዞ የተገኘው የጓደኞች ድርጊት ነበር። በእኛም ክፍል የማየው ይህንኑ ነው፤ ከጎኑ የተቀመጠው አጤሬራ ሲያወጣ ፈታኙ እያየ እንዳላየ ካለፈው፣ ሌሊቱን ሲያጠና ያደረው ተማሪ ራሱን እንደ ሞኝ ይቆጥራል። ፈታኙም ቢሆን ቃለ ጉባኤውንና የኮሚቴ ምልልሱን እያሰበ ነው ዝም የሚለው (እኛ መምህራን ይህን ማንሣት አንወድም)።

መልስ 2 (ተመራቂ ተማሪ፣ ድሬዳዋ)፦
መምህርት፣ ያሉት እውነት ነው፤ ነገር ግን ያልመረጠው ትምህርት ክፍል የተመደበ ተማሪ፣ አምስት አሳይመንት በአንድ ሳምንት እንዲያስገባ ሲጠየቅና ጥያቄው ከዓመት ዓመት የማይቀየር መሆኑን ሲያውቅ፣ የአምናውን ሥራ ሽፋን ቀይሮ ማስገባት ይቀለዋል። ስምንት ሰው ባለበት ቡድን ደግሞ ሁለቱ ይሠራሉ፣ የቀሩት «ስሜን እንዳትረሱ» ይላሉ።

መልስ 3 (የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ ሐረር)፦
ልማዱ ከእኛ ዘንድ ይዘውት የሚመጡት ነው። በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ወጥቶ መሰረዙን እናስታውሳለን፤ ተፈታኞች በ2015 መጀመሪያ ወደ ዩኒቨርሲቲዎች ተወስደው ሲፈተኑም 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። ያ ውጤት ሁሉ በኩረጃ መቅረት የመጣ ነው አልልም፤ የትምህርቱ ጥራት ራሱ ትልቅ ጥያቄ ነው። ሆኖም ለዓመታት በጋራ መሥራትን እንደ መረዳዳት ሲቆጥር የኖረ ልጅ፣ ግቢ በገባ ማግስት ነውር ነው ቢሉት አይዋጥለትም።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ጥያቄዎቹን በየዓመቱ መቀየርና ቡድኑን ወደ ሦስት ሰው ማውረድ በእጄ ያለ ነገር ስለሆነ ከዚያ እጀምራለሁ። እያንዳንዱ ተማሪ የሠራውን ክፍል በቃል እንዲያስረዳም አስቤ ነበር፤ ከመቶ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህን የሞከረ ካለ፣ ሰዓቱን እንዴት እንዳብቃቃው ቢነግረኝ።