የመዳብ ድስቴን ላስለብጥ ወይስ ስቴንለስ ስቲል ልግዛ?
የደብረ ብርሃን ነዋሪ ስሆን፣ ከእናቴ የወረስሁትን የመዳብ ድስት አስጠግኜ ልጠቀምበት ወይስ ስቴንለስ ስቲል ልግዛ የሚለውን መወሰን ስላቃተኝ ምክራችሁን እሻለሁ። የድስቱ የቆርቆሮ (የጣራው ሳይሆን ቲን የሚባለው ብረት) ልባጥ መሐሉ ላይ እንቁላል በሚያህል ስፋት ተልጦ ቀዩ መዳብ ወጥቷል፤ ቲማቲምና ሎሚን የመሰለ ጎምዛዛ ነገር ባዶውን መዳብ እያሟሟ ወደ ምግቡ ስለሚያስገባ፣ ከዚያ ወዲህ ወጥ አልሠራሁበትም። ቢለበጥም እንኳ ቆርቆሮ በ232 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ስለሚቀልጥ፣ ሽንኩርት ያለ ዘይት ለሚቁላላበት ለእኛ ወጥ መበርከቱን እጠራጠራለሁ። በሌላ በኩል፣ አምና የገዛሁት ስስ ስቴንለስ ስቲል ሽሮዬን ከመሐል ያሳርርብኛል (የእኔም ችኮላ አለበት)፤ መዳብ ሙቀትን ከእርሱ ከ20 እጥፍ በላይ ያስተላልፋልና። ከሥሩ አሉሚኒየም የተደረበበት ወፍራም ስቴንለስ ስቲል ይህን ያስቀርልኛል? መዳብ የሚለብጥ ባለሙያስ በአካባቢያችን ታውቃላችሁ?