ድምጿን ያውቁታል፣ ኪርስቲ ማኮልን አያውቋትም

የሜሪላንዷ
ሰላም ለሁላችሁ። ለንደን ስምንት ዓመት ኖሬ ነው ወደ አሜሪካ የመጣሁት። ባለፈው ገና መሥሪያ ቤት ውስጥ "ፌሪቴል ኦፍ ኒውዮርክ" ተከፈተና ሁሉም አብሮ ማንጎራጎር ጀመረ። ሴትዮዋ ማን ናት ብዬ ስጠይቅ አንድም ሰው አላወቀም። ኪርስቲ ማኮል ናት ስላቸው ዝም ብለው አዩኝ። ግጥሙንም ዜማውንም ራሳቸው የሚሠሩ፣ አገራቸው ላይ እንዲህ የሚከበሩ የእንግሊዝ ድምፃውያን አሜሪካ ሲደርሱ ስማቸው ለምንድነው የሚጠፋው? ቋንቋው እንደሆነ አንድ ነው።

ሸክላ ሰብሳቢ
እህቴ፣ የኪርስቲ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል። ያ የገና ዘፈን ፖግስ የሚባለው ባንድ ነው፤ እሷ በ1987 (እ.ኤ.አ.) ከባንዱ ድምፃዊ ከሼን ማክጋወን ጋር ተቀባበለችው። የራሷን ድርሰት ከፈለግሽ "ዘይ ዶንት ኖው"ን ስሚ። በ1979 ስታወጣው ገና 19 ዓመቷ ነበር። ሬዲዮው ደጋግሞ ያጫውተው ነበር፤ ግን አከፋፋዩ ጋ የሥራ ማቆም አድማ ተመታና ሸክላው ሱቅ ሳይደርስ ቀረ፣ ሰው ካልገዛው ደግሞ የሽያጭ ደረጃ ሠንጠረዥ ውስጥ አይገባም። በ1983 እንግሊዛዊቷ ኮሜዲያን ትሬሲ ኡልማን ዘፈነችውና እንግሊዝ ውስጥ 2ኛ፣ በዓመቱ አሜሪካ ውስጥ 8ኛ ወጣ። አሁን የትሬሲን ክፈቺና ወደ መጨረሻው "ቤይቢ" የምትለዋን ቀጭን ከፍ ያለች ድምፅ ስሚ። ለትሬሲ ስለከበዳት ኪርስቲ ራሷ ናት ገብታ ያለችው። አሜሪካኖች በዚያች አንዲት ቃል ሰምተዋታል፣ ማን እንደሆነች የነገራቸው የለም እንጂ።

ከሸፊልድ
እኔ ደግሞ የቦታ ጉዳይ ይመስለኛል። ድምፃዊውን ሪቻርድ ሆውሊን ውሰዱ። የእንግሊዟ ከተማ የሸፊልድ ልጅ ነው፤ ብዙ አልበሞቹን የሰየመው በከተማው ቦታዎች ነው። የ2005ቱ "ኮልስ ኮርነር" ድሮ ትልቅ ሱቅ የነበረበት ማዕዘን ነው፣ ፍቅረኛሞች የሚቀጣጠሩበት። ሱቁ በ1963 ለቆ ሄደ፣ ሕንፃውም ፈረሰ፣ ስሙ ብቻ ቀረ። ዘፈኑ ላይ ሰውየው ብቻውን ወደዚያ ይወርዳል፣ የሚጠብቀው ግን የለም። የሸፊልድ ሰው ይህን ሲሰማ ሆዱ ይባባል። ቴክሳስ ላለ ሰው ግን መጀመሪያ ማዕዘኑን ማስረዳት አለብህ። በ2006 ይኸው አልበም ለዓመቱ ምርጥ አልበም በሚሰጠው የመርኩሪ ሽልማት ታጭቶ ነበር፤ ሽልማቱን የወሰደው አርክቲክ መንኪስ የሚባለው ባንድ (እነሱም የዚያው ከተማ ልጆች ናቸው) መድረክ ላይ ቆሞ "999 (የፖሊስ ስልክ) ደውሉ፣ ሪቻርድ ሆውሊ ተዘርፏል" አለ። አገሩ ላይ ክብሩ እዚህ ድረስ ነው።

ጊታር ወዳድ
ቦታ ብቻ አይመስለኝም። እንግሊዛዊው ድምፃዊ ኒክ ድሬክ የሚዘፍነው ስለ ጨረቃና ስለ ወንዝ ነበር፤ ይሄ ምን ማስረዳት ይፈልጋል? ችግሩ መድረክ አይሆንለትም ነበር። በ1974 በ26 ዓመቱ ሲሞት እዚያው እንግሊዝም የሚያውቁት ጥቂቶች ነበሩ። አሜሪካ በደንብ የሰማው ከሃያ አምስት ዓመት ገደማ በኋላ "ፒንክ ሙን" የሚለው ዘፈኑ የቮልስዋገን መኪና ማስታወቂያ ማጀቢያ ሲሆን ነው። አሜሪካ ሰፊ ናት። ከከተማ ከተማ ዞረህ፣ በየትንንሹ አዳራሽ ካልተጫወትክ ሬዲዮ ብቻውን አያደርስህም። ኪርስቲም መድረክ ክፉኛ ትፈራ ነበር።

የሜሪላንዷ
መድረክ መፍራቷን አላውቅም ነበር፣ አሁን ብዙ ነገር ገባኝ። ለንደን ሶሆ ስኩዌር የሚባለው መናፈሻ ውስጥ መታሰቢያዋ የሆነ አግዳሚ ወንበር አለ። በ2000 ሜክሲኮ ባሕር ላይ ፈጣን ጀልባ ገጭቷት በ41 ዓመቷ ከሞተች በኋላ ነው አድናቂዎቿ ያስቀመጡላት። ብዙ ቀን ምሳዬን እዚያ ቁጭ ብዬ በልቻለሁ። በኦክቶበር፣ ልደቷ ሰሞን፣ ሰው ከያለበት መጥቶ ዘፈኖቿን ይዘፍናል። ለሥራ ባልደረቦቼ ከየትኛው አልበም ልጀምርላቸው?

ሸክላ ሰብሳቢ
ከ1989ኙ "ካይት"። ከመጀመሪያው ዘፈን ይዘሽ ሳትዘዪ አሰሚያቸው።